ሁለት ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ማገናኘት

ሁለት የቤት ኮምፒውተሮችን ያለ ስዊችና ያለ ራውተር (ኮምፒውተሮችን የሚያገናኙ አማካይ መሣሪያዎች) በአንድ ኬብል ማገናኘት ትልልቅ ፋይሎችን ለማሻገር፣ ፕሪንተርን በጋራ ለመጠቀምና ለሁለት ሰው ጨዋታ የሚያገለግል ዘዴ ነው። ኢንተርኔት ስለማይጠይቅ፣ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ለጎንደር ነዋሪ ጥቅሙ ይበልጥ ጎልቶ ታይቷል። ከፋሲል ዘመን ጀምሮ በድንጋይና በኖራ ግንባታ በታወቀችው በዚህች ታላቅ ከተማ የዋይፋይ ሞገድ በወፍራም ግንብ ውስጥ ሲያልፍ ይደክማል፤ ኬብል ግን ግንቡን ዞሮ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል።

ኤተርኔት (ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ ኬብል የማገናኛ ስታንዳርድ) ከመለመዱ በፊት ግንኙነቱ በሲሪያል ወይም በፓራለል ገመድ ነበር።

በሰፊው የሚታወቀው ግን ቀጥሎ የመጣው የክሮስ ኬብል፣ ማለትም የላኪና የተቀባይ ሽቦዎቹ በአንደኛው ጫፍ የተለዋወጡበት ኬብል፣ ዘመን ነው። በሰኮንድ 10 ሜጋቢት (እ.ኤ.አ. 1990) እና 100 ሜጋቢት (እ.ኤ.አ. 1995) በሚያስተላልፉት የኤተርኔት ዓይነቶች ከስምንቱ ሽቦዎች የሚሠሩት አራቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ኮምፒውተሩ በ1ኛውና በ2ኛው ይልካል፣ በ3ኛውና በ6ኛው ይቀበላል። ሁለት ኮምፒውተሮች በተራ ኬብል ከተያያዙ ሁለቱም በአንድ መስመር ይናገራሉ፤ የሚሰማ ግን የለም። ስለዚህ አንደኛው ጫፍ በቲ568ኤ፣ ሌላው በቲ568ቢ በተባሉት የሽቦ ቀለም ቅደም ተከተሎች ይታሰራል፤ ይህም ማለት የብርቱካናማውና የአረንጓዴው ጥንድ ቦታ ይለዋወጣል። በክሪምፐር (በመጨመቂያ ጉጠት) አንዴ የተጨመቀ ኮኔክተር (የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ) ተቆርጦ ከመጣል በቀር ስለማይታረም፣ ቀለሙን አስቀድሞ ሁለቴ ማየት ያዋጣል። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ተመሥርቶ ዛሬ የኢንፎርማቲክስ ኮሌጅም ባለው በአንጋፋው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ለተማረ ሰው ይህ ቅደም ተከተል እንግዳ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1999 የጸደቀው ጊጋቢት (በሰኮንድ 1000 ሜጋቢት የሚያስተላልፈው ኤተርኔት) አራቱንም ጥንዶች ይጠቀማል። የላኪና የተቀባይ መስመርን በራሱ የሚለየው ችሎታ በስታንዳርዱ ግዴታ እንዳልሆነ የሚከራከሩ ቢኖሩም፣ በተግባር በጊጋቢት ካርዶች ሁሉ ማለት ይቻላል ስለሚገኝ ክሮስ ኬብል ዛሬ እምብዛም አያስፈልግም።

ኬብሉ ከተሰካ በኋላ ለአንዱ 192.168.1.1፣ ለሌላው 192.168.1.2 የተባለ የኔትወርክ (አይፒ) አድራሻ፣ ለሁለቱም 255.255.255.0 የተባለ ሰብኔት ማስክ ይሰጣል። ካልተሰጠ ዊንዶውስ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ በራሱ ይይዛል። የኬብል መሰኪያው መብራት እየበራ የሌላው ኮምፒውተር ፎልደር አልታይ ሲል ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የኬብሉ ሳይሆን፣ ግንኙነቱን «ፐብሊክ» (የማይታመን የሕዝብ ኔትወርክ) ብሎ የመዘገበው ፋየርዎል፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ጥበቃ፣ ነው።

4.7 ጊጋባይት የሚይዝ ዲቪዲ በ100 ሜጋቢት ሰባት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በጊጋቢት ከአንድ ደቂቃ ያንሳል፣ ሀርድ ዲስኩ ከቻለ። የኬብል መሰኪያ የሌላቸው አዳዲስ ላፕቶፖች በዩኤስቢ የሚሰካ የላን ካርድ ያስፈልጋቸዋል።