ሊቺና ባዶ ሆድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ ፌስታል ሊቺ ይዛ መጣች። የጅማ ሰው ለፍራፍሬ ባዳ አይደለም። አቮካዶውም ማንጎውም ከጓሮ ነው። ሊቺ ግን ለቤታችን አዲስ ነበር። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ፌስታሉ መሐል ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉም ሐኪም ሆነ።

«ቆዳው ጠቁሯል፤ ተበላሽቷል»

ሊቺ ከተለቀመ በኋላ ቀይ ሆኖ አይቆይም። ልጣጩ ይደርቅና በጥቂት ቀን ቡናማ ይሆናል። ውስጡ ነጭና ጠንከር ያለ፣ የተላጠ ወይን የመሰለ ከሆነ ያለ ሐሳብ ብሉት። ጠላ ጠላ ከሸተተ ወይም ከሻገተ ግን ለይሉኝታ ብላችሁ እንዳትቀምሱ።

«አረንጓዴውን በጋዜጣ ጠቅልለን እናብስለው»

ይህ የአቮካዶ ዘዴ ነው። ሊቺ ከዛፉ ከወረደ በኋላ አይበስልም። ጥሬው ጥሬ እንደሆነ ይቀራል። መጣል ነው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

«ዘሩም ይበላል፤ ይታኘክ»

ጎረቤታችን አንዱን ከነዘሩ ወደ አፋቸው ሲሰዱ እህቴ «ኧረ እማማ፣ ይትፉት!» ብላ ጮኸች። ልጣጩም ዘሩም አይበላም። አጥባችሁ፣ ከቅርንጫፉ በተነጠለበት በኩል በጥፍር ሰንጠቅ አድርጉት። እንደ ቅቅል እንቁላል ይላጣል። ውስጡ ያለው ቡናማ የሚያብለጨልጭ ዘር መርዛማ ነገር አለበት። ለሕፃን ደግሞ ዘሩ ይወጣለት፣ ሥጋውም ይቆራረጥለት። ሙልጭልጭ ስለሆነ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ይችላል።

«ሊቺ ልጅ ይገድላል»

አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ይህንን ሲያነብ ቤቱ ጸጥ አለ። ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በሕንድ ቢሃር ግዛት ሙዛፋርፑር የሚባል የሊቺ አገር አለ። በ2014 እንደ ፈረንጆች፣ በመከር ወቅት፣ 390 ልጆች ሆስፒታል ገቡ። 122ቱ ሞቱ። ልጆቹ ማታ ደህና ተኝተው ሊነጋጋ ሲል ይንቀጠቀጡና ራሳቸውን ይስቱ ነበር። ደማቸው ሲመረመር ስኳሩ ወርዷል።

ሊቺ ውስጥ፣ በተለይ ጥሬው ላይ፣ ሃይፖግላይሲን የሚባል ነገር አለ። እህል ሳንቀምስ ስናድር ጉበታችን ራሱ ስኳር እየሠራ ያቆየናል። ይህ ነገር ያንን ሥራ ያግዳል። የጠገበና ጤነኛ ሰው የተጠራቀመ ስኳር ስላለው አይሰማውም። ቀኑን ሙሉ በሊቺ እርሻ ውስጥ ሲለቅም ውሎ እራት ሳይበላ የተኛ ከሲታ ልጅ ግን ስንቁ ያልቅበታል። በኋላ ለወላጆች የተሰጠው ምክር ቀላል ነበር፦ ሊቺው ይቀነስ፣ ልጁ እራት ሳይበላ አይተኛ። ሕመሙም በጣም ቀነሰ።

እኛስ? ልጅ እራቱን ይብላ፤ ከዚያ የበሰለ ሦስት አራት ፍሬ ይሰጠው። ጾም የዋለ ሰው በቴምርና በሾርባ ያፍጥር፤ ሊቺው ከእራት በኋላ ይደርሳል። ሊቺ የበላ ልጅ ከደነዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ወደ ሐኪም ሩጡ፤ መብላቱንም ተናገሩ።

«ስኳር ካወረደማ ለስኳር በሽታዬ መድኃኒት ነው!»

ይህን ያሉት እዚያው የተቀመጡ አንድ አባት ናቸው። ሳቅን፤ ግን ሐሳባቸው የብዙ ሰው ነው። መርዝ ጉበትን ሲያግድ ሕክምና አይባልም። ደግሞም የሊቺው ሥጋ ራሱ ጣፋጭ ነው፤ 100 ግራሙ፣ ማለትም 10 ፍሬ ገደማ፣ 15 ግራም ያህል ስኳር አለው። የስኳር ሕመምተኛ ቆጥሮ ይብላ፤ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

አባታችን ምክሩን ሰምተው ሁለት ፍሬ ብቻ በሉ። ዘሮቹን ግን አልጣሉም፤ ሊተክሏቸው ነው። የሊቺ ዘር ቶሎ ስለሚደርቅና ስለሚሞት እርጥብ ጨርቅ ሰጠናቸው። ከዘር የበቀለ ሊቺ ለማፍራት 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ እንደሚችልም ነገርናቸው።

«ቡናስ ቢሆን ቸኩሎልኝ ያውቃል?» ብለው ጨርቁን ኪሳቸው ከተቱ።