ሎሚው ስንት ኪሎ ነው?

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ለሚሸኙት አለቃ ስጦታ መግዣ ከያንዳንዳችን ደመወዝ 500 ብር ይቆረጣል ይላል። ከሥሩ በደማቁ፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»። ያልፈረመ ሰው ስሙ በቀይ ተሰምሮበታል።

የዚያን ዕለት ማታ ንዴቴ ሳይበርድ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣውን የፍራንክ ካፕራን «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» የተባለ ፊልም ከፈትኩ። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። ጆርጅ ቤይሊ ለምስኪኖች ቤት መሥሪያ የምታበድር ትንሽ ድርጅት ይመራል። በገና ዋዜማ አጎቱ 8,000 ዶላር ይጥላል። ገንዘቡ የከተማው ቱጃር ፖተር እጅ ይገባል፣ እሱም አውቆ ዝም ይላል። ጆርጅ ራሱን ሊያጠፋ ድልድይ ላይ ይወጣል።

ሁሌም የማለቅሰው መጨረሻው ላይ፣ ጆርጅ ሐሳቡን ለውጦ ቤቱ ሲመለስ ነው። የጎደለውን ሊያዋጣ አገሩ ሁሉ ቤቱ ይግተለተላል። ባለ መጠጥ ቤቱ ማርቲኒ የሙዚቃ ማጫወቻውን ሳጥን ሰብሮ ሳንቲሙን ይዞ መጥቷል። የቤት ሠራተኛዋ አኒ፣ ምናልባት ባል ካገኘሁ ለፍቺ ይሆነኛል ብላ ያስቀመጠችውን ታወጣለች። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ሀብታም ጓደኛው እስከ 25,000 ዶላር ውሰድ ብሎ ቴሌግራም የሚልከው። ብቻውን ሦስት እጥፍ ይሸፍን ነበር። ግን ማንም ሳንቲሙን መልሶ አላነሳም! እንዲያውም ሒሳብ ሊመረምር የመጣው ሰውዬ እንኳ እጁን ኪሱ ይከታል። ፊታቸውን እዩት። ጥምቀት የወጡ ነው የሚመስሉት።

ጥምቀት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ለከተራ አጎቴ ከቆላ ሎሚ አመጣ። እኛ ደገኞች ነን፣ ሎሚ ብርቅ ነው። ከገበያ እስከ ቤት ስልቻውን ያሸከሙኝ እኔን ነበር። ከባድ ሆኖ አይደለም፣ ሎሚ ግን ተንከባላይ ነው። ስልቻው ወዲህ ሲሉት ወዲያ ይሄዳል፣ አፉ ሲፈታ አንዷ ሾልካ ቁልቁል ትወርዳለች፣ እሷን ስታሳድድ ሌላዋ ትከተላታለች። ግማሹን መንገድ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት።

በማግስቱ እነዚያው ሎሚዎች ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ ተከፋፍለው ታቦት ሊሸኙ ወጡ። አያቴ የሷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ፀሐዩ ሲበረታ ታሸታለች። ጎረምሶቹ ደረት ላይ የሚወረውሩላትን ልጅ በዓይናቸው ይፈልጋሉ። የተወረወረላት ልጅ ሎሚውን ካነሳችው ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የኔ ድርሻ አንዲት ብጫ ሎሚ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ከእጄ አላወረድኳትም።

እንግዲህ የኔ ግምት ይህ ነው፦ ተረቱን የፈጠረው የከተራ ለት ስልቻ የተሸከመ ሰው ነው። ሊቃውንት ይሳቁብኝ። ቆይ፣ ሃምሳ ሎሚ ስንት ይመዝናል? ቢበዛ ሦስት ኪሎ ገደማ። ማገዶና እህል ለሚሸከም ገበሬ ይህ ሸክም ነው? ተረቱ ክብደቱን ቢፈልግ ሃምሳ ድንጋይ ወይም ሃምሳ ዱባ ይል ነበር። ሎሚ ያለው በእጅ ስለሚያዝ፣ ስለሚሸት፣ ስለሚወረወር ነው። ሃምሳውን ብቻውን የያዘ ሰው አንዷንም አያሸትም፣ እጁ ሞልቷላ። ፖተርም ያን ሁሉ ሀብት ይዞ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተኮሳትሮ ከመቀመጥ በቀር ምንም ሲያደርግበት አናይም።

ዛሬ «ሃምሳ ሎሚ» ሲባል ግን የሚሰማው «አዋጣ» ብቻ ነው። አንዱ የለቀቀበትን ሥራ ለሦስት ሲያከፋፍሉም ይህችኑ ይጠቅሷታል። ጌጥ እኮ በግድ አይታሰርም። ማርቲኒን ሳጥኑን ስበር ብሎ ያዘዘው የለም፣ የአኒም ስም በቀይ አልተሰመረም። ከጠቀሳችሁት አይቀር ሙሉውን ጥቀሱት፣ «ጌጡ» የምትለዋንም አንብቧት።

እኔ ለማንኛውም ፈርሜያለሁ። 500 ብሩ በዚህ ወር ይቆረጣል። ስጦታው ምን እንደሆነ እስካሁን የነገረን የለም።