ቢጫ ዐይን አይፈርድም፤ ስለ ታላሴሚያ ታማሚዎችና ስለ ጉበት ቫይረስ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ታላሴሚያ በዘር የሚወረስ የደም ሕመም ነው። በእኛ አገር ብዙም አይታወቅም፤ በቆጵሮስ፣ በጣሊያን፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በህንድ ግን የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት ነው። በዐረብ አገር የሰው ልጅ የሚያሳድጉ እህቶቻችን መካከልም በቅርብ ያዩት አሉ። ከባዱ ዓይነት ያለበት ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ደም ካልተሰጠው አይቆምም። ደም በተደጋገመ ቁጥር ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ የተባለው ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ አብሮ የመግባቱ ስጋት ይኖራል። በዚህ ላይ የሚነገረው ስሕተት ብዙ ነው።

«ዐይኑ ቢጫ ሆነ፤ የወፍ በሽታ ይዞታል»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የሌሊት ወፍ ሽንት ያመጣዋል ሲባል ሰምተን ስላደግን፣ ቢጫ ዐይን ስናይ ሌላ ምክንያት አንፈልግም። የሌሊት ወፍ ግን በነገሩ የለችበትም። በታላሴሚያ ቀይ የደም ሴሎች ያለጊዜያቸው ይሰባበራሉ፤ ከእነርሱ የሚወጣው ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ቀለም ዐይን ላይ ይታያል። ስለዚህ ልጁ አንድም ቫይረስ ሳይኖርበት ዐይኑ ቢጫ ሊሆን ይችላል። የባሰው ተቃራኒው ነው፦ ሄፓታይተስ ሲ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለ ምንም ምልክት ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ ዐይኑም ጥርት ብሎ ይቆያል። ደም መውሰድ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ የላቦራቶሪ ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለወፍ በሽታ እየተባለ የሚጠጣ ሥርና ቅጠል የደከመ ጉበትን ይብስ ሊጎዳው ስለሚችል፣ እባካችሁ ለእነዚህ ልጆች አትስጡ።

«ከባዳ ደም የወንድሙ ይሻላል»

ከፍቅር የመነጨ ሐሳብ ነው፤ ቫይረስ ግን ዘመድና ባዳ አይለይም። እንዲያውም በቤተሰብ ተለምኖ የሚሰጥ ሰው ያለፈበትን ነገር ለመናገር ሊያፍር ይችላል። የደም ባንኮች በፈቃዱ፣ ያለ ክፍያና በየጊዜው የሚለግሰውን የሚመርጡት ስለዚህ ነው። ሌላም አለ፦ ታላሴሚያን ሊያድን የሚችለው የአጥንት መቅኒ ንቅለ ተከላ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከተስማሚ ወንድም ወይም እህት ነው። ልጁ አስቀድሞ የወንድሙን ደም ከወሰደ፣ ሰውነቱ በኋላ መቅኒውን እንዳይቀበል ሊያደርገው ይችላል።

«ደሙ ተመርምሯል፤ ክትባት ምን ያደርጋል?»

የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ የታወቀው በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት ደም ሲወስዱ ከኖሩት የታላሴሚያ ታማሚዎች ብዙዎቹ ተይዘዋል። ዛሬ ምርመራው እጅግ ተሻሽሏል፤ ሆኖም ለጋሹ በቅርብ ቀን ከተያዘ ቫይረሱ በምርመራ ሳይታይ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት ስላለ መከተብ ይገባል፤ ለሲ ክትባት የለውም። ይህን ፈርቶ ደም መከልከል ግን ልጁን መግደል ነው።

«ሲ ከያዘው አለቀለት»

ቀድሞ ሕክምናው በእርግጥ ከባድ ነበር። ከኢንተርፌሮን መርፌ ጋር የሚሰጠው ሪባቫይሪን የተባለው መድኃኒት ራሱ ቀይ የደም ሴል እየሰባበረ ልጁን ለተጨማሪ ደም ይዳርገው ነበር። አሁን በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚዋጥ ኪኒን ከመቶ ታማሚ ከ90 በላዩን ይፈውሳል። ከዳነም በኋላ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራው፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን የሚፈልገው ምርመራ፣ ፖዚቲቭ ማለቱን አይተውም። ወላጅ ያንን ወረቀት ይዞ እንዳይደነግጥ፤ ቫይረሱ መኖሩን የሚያሳየው የራሱ የቫይረሱ ምርመራ ነው።

ከቫይረሱ መዳኑን ሰምቶ፣ በደም የሚገባውን ብረት የሚያስወግደውን መድኃኒት ማቆም ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዞ ይገባል፤ ሰውነት በቀን የሚያስወጣው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። የተረፈው ጉበት ላይ ይከማቻል፤ ቫይረስ ሳይኖርም ጉበትን ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል።

በመጨረሻ፣ ሄፓታይተስ ቢም ሆነ ሲ ከአንድ ትሪ በመብላት፣ በመተቃቀፍ ወይም ልጁን በማዘል አይተላለፍም። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ ግን የየራስ ይሁን።