ፒተር ፎልክ፦ ከበጀት ቢሮ ወደ ኮሎምቦ

ፒተር ፎልክን ብዙ ሰው የሚያውቀው በኮሎምቦ ነው፣ ያ ካፖርቱ የተጨማደደ፣ ሲጋር ከእጁ የማይጠፋ፣ ወጣልን ሲሉት ከበር ላይ ተመልሶ "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ" የሚል የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሌተናንት። ግን ሰውየው ከዛም በላይ ነው፣ ሁለት ጊዜ ለኦስካር ታጭቷል፣ አምስት ኤሚ (የቲቪ ሽልማት) ወስዷል፣ ስለ አሜሪካ ኢንዲፔንደንት ፊልም ሲወራም ስሙ አይዘለልም፣ እና ይሄ ሁሉ የመጣው ወደ 30 እየተጠጋ የመንግስት ቢሮ ስራውን ከለቀቀ በኋላ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ሴፕቴምበር 16፣ 1927 ኒውዮርክ ከተማ ነው፣ ያደገው ግን ከከተማው ወጣ ብላ ሃድሰን ወንዝ ዳር ባለችው ኦሲኒንግ ነው፣ ሲንግ ሲንግ የሚባለው ታዋቂው እስር ቤት ያለባት ከተማ። ቤተሰቡ ዘራቸው ከምስራቅ አውሮፓ የሆነ አይሁዶች ናቸው፣ አባቱ እዛው የልብስ ሱቅ ነበረው። በሶስት ዓመቱ ቀኝ አይኑ ላይ ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የአይን ካንሰር ተገኘበትና አይኑ ወጣ፣ ከዛ በኋላ እድሜውን ሙሉ የኖረው በሰው ሰራሽ አይን ነው። ኮሎምቦ ላይ ያ አንዱን አይኑን ጠበብ አርጎ የሚያይበት አስተያየት ትወና የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ ዋናው ምክንያት ግን ይሄ ነው።

አይኑ ከስፖርት አላገደውም። ሃይስኩል እያለ ቤዝቦል ሲጫወት ሶስተኛው ቤዝ ላይ በሰላም ደርሻለሁ ብሎ እርግጠኛ ሆኖ ሳለ ዳኛው ውጪ ነህ ይለዋል፣ እሱም አይኑን አውልቆ ለዳኛው ሰጠውና ይሄን ሞክረው አለው። ይሄን ራሱ በየኢንተርቪው እየሳቀ ያወራው ነበር። ክፍሉ የመረጠው ፕሬዚዳንትም ነበር፣ ማለት ተደብቆ ያደገ ልጅ አይደለም።

ትምህርቱ ቀጥ ብሎ የሄደ አይደለም። ሃሚልተን ኮሌጅ ገባ፣ ተወው። ለጦሩ ሊመዘገብ ሞከረ፣ በአይኑ ምክንያት አልተቀበሉትም፣ ስለዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ አካባቢ የንግድ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኖ ተቀጠረ፣ እዛ ማየት ያለበት ካፒቴኑ ብቻ ነው፣ የታይታኒኩ ካፒቴንም ቢሆን ብዙ አላየም እያለ ይቀልድ ነበር። ከዛ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዛ አውሮፓ ዞሮ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ባቡር ሃዲድ ስራ ላይ መዋል፣ ተመልሶ ኒውዮርክ ኒው ስኩል ውስጥ በ1951 ዲግሪውን መያዝ፣ በ1953 ደግሞ ከሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ በፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ማስተርስ። ሲአይኤ ልግባ ብሎ አመልክቶ ነበር፣ መርከብ ላይ ሲሰራ የነበረበት የሰራተኞች ማህበር በዛ ዘመን በኮሚኒስትነት ይጠረጠር ስለነበር አልሆነም። መጨረሻ ላይ ሃርትፎርድ ኮነቲከት ውስጥ የስቴቱ በጀት ቢሮ ተቀጠረ፣ ስራው የመስሪያ ቤቶችን ቅልጥፍና ማጥናት ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ቢሮው ያለበትን ህንፃ ማግኘት አቅቶት እንዳረፈደ ራሱ ፅፏል።

ማታ ማታ አማተር ቲያትር ይሰራል። ዌስትፖርት ውስጥ ኢቫ ለ ጋሊየን የምትባል ትልቅ የመድረክ ተዋናይት ለፕሮፌሽናል አክተሮች ክፍል እንደምታስተምር ሰምቶ ፕሮፌሽናል ነኝ ብሎ ዋሽቶ ገባ። ከሃርትፎርድ እየነዳ ስለሚመጣ ሁሌ ያረፍዳል። አንድ ቀን ቀጥ አርጋ ለምንድነው ሁሌ የምታረፍደው አለችው፣ ከሃርትፎርድ ስለምመጣ ነው አላት፣ ሃርትፎርድ ምን ትሰራለህ፣ እዛ ቲያትር የለ፣ በትወና እንዴት ትኖራለህ ስትለው አማራጭ ስላጣ እውነቱን ነገራት፣ ፕሮፌሽናል አይደለሁም። አየት አረገችውና "መሆን ነበረብህ" አለችው። ተመልሶ ሃርትፎርድ ሄደና ስራውን ለቀቀ። በዚህች ማርፈድ ምክንያት ነው አክተር የሆንኩት ይላል፣ እና እውነቱን ነው።

በ1956 ኒውዮርክ ገባ፣ እዛው ዓመት ሰርክል ኢን ዘ ስኩዌር የሚባለው ቲያትር ላይ ከጄሰን ሮባርድስ ጋር የዩጂን ኦኒልን "ዘ አይስማን ካመዝ" ሰራ፣ የቡና ቤት አሳላፊውን ሆኖ። ትያትሩ ስሙን አወጣለት፣ ሆሊውድ ግን ሌላ ነገር ነው፣ አንድ ኤጀንት በአይንህ ምክንያት ፊልም ብዙ አትጠብቅ ብሎት ነበር፣ የኮሎምቢያ ፒክቸርስ አለቃ ሃሪ ኮን ደግሞ ስክሪን ቴስት ካየለት በኋላ በዚሁ ዋጋ ሁለት አይን ያለው አክተር አገኛለሁ አለ። ኮን በዚህ ንግግሩ ዛሬም ይነሳል፣ ለሰውየው በቂ ቅጣት ነው።

በ1960 ግን "መርደር ኢንኮርፖሬትድ" ላይ ኤብ ሬልስ የሚባለውን በእውን የነበረ የብሩክሊን ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ሰራና ለኦስካር ታጨ። ሽልማቱ ላይ "ፒተር..." ሲባል ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር፣ አሸናፊው ፒተር ኡስቲኖቭ ሆኖ ተገኘ፣ ቁጭ አለና አጠገቡ ላለው ፕሬስ ኤጀንቱ ተባረሃል አለው፣ ለአንድ ተጨማሪ ቀን እንዳያስከፍለኝ ብዬ ነው እያለ ያወራዋል። በሚቀጥለው ዓመት በፍራንክ ካፕራ "ፖኬትፉል ኦፍ ሚራክልስ" እንደገና ታጨ፣ እንደገና አልሆነም። ቲቪ ላይ ግን በ1962 የመጀመሪያ ኤሚውን ወሰደ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ በሰራበት ድራማ። በ60ዎቹ ውስጥ ሌሎች ኮሜዲዎችም "ዘ ግሬት ሬስ"ም አሉ፣ ዋና ሆኖ የሰራበት የጠበቃ ሲሪየስም አለ፣ "ትራያልስ ኦፍ ኦብራየን"፣ ብዙ ሳይቆይ ተቋረጠ።

አሁን ኮሎምቦ። ገፀ ባህሪውን የፈጠሩት ሪቻርድ ሌቪንሰን እና ዊሊያም ሊንክ ናቸው፣ ከልጅነት ጀምሮ አብረው የሚፅፉ ጓደኛሞች። ፎልክ የመጀመሪያው ኮሎምቦ አይደለም፣ በ1960 በርት ፍሪድ ቲቪ ላይ ሰርቶታል፣ በ1962 ደግሞ መድረክ ላይ ቶማስ ሚቸል፣ በጣም ሸምገል ያለ ሰው። በ1968 "ፕሪስክሪፕሽን መርደር" የሚለው የቲቪ ፊልም ሲታሰብ ቢንግ ክሮዝቢ ተጠይቆ እምቢ ብሏል፣ ፎልክ ገና 40 የሆነው ልጅ እግር ቢባልም ተሰጠው። በ1971 ሁለተኛ ፊልም ተሰራ፣ ከዛው ዓመት መኸር ጀምሮ ኤንቢሲ ላይ ሲሪየስ ሆነ። የሲሪየሱን የመጀመሪያ ኤፒሶድ ዳይሬክት ያረገው ገና 24 ዓመቱ የነበረው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው።

የኮሎምቦ አሰራር ከለመድነው የወንጀል ፊልም ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ገዳዩን ታያላችሁ፣ እንዴት እንደገደለ፣ ማስረጃውን እንዴት እንደደበቀ፣ ሁሉንም፣ ሌተናንቱ ብቅ የሚለው ብዙ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ማን ገደለ ሳይሆን ይሄ የተዝረከረከ ሰውዬ እንዴት ይደርስበታል ነው። ገዳዮቹ ሁሌ ማለት ይቻላል ሀብታም፣ የተማሩ፣ ትልቅ ቪላ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፣ ኮሎምቦን ሲያዩት ይንቁታል፣ እሱ ደግሞ ስለ ሚስቱ እያወራ (ሚስትየዋ በዋናው ድራማ አንዴም አትታይም)፣ እርሳስ እየተዋሰ፣ ስለ ጫማቸው ዋጋ እየጠየቀ ያደክማቸዋል። ፎልክ እነዚህን ነገሮች ካሜራ እየቀረፀ ከስክሪፕቱ ውጪ ይጨምራቸው ነበር፣ ኪሱን መዳበስ ይጀምራል ወይ ያልተፃፈ ጥያቄ ይጠይቃል፣ እንግዳው አክተር እውነት ግራ ይገባዋል፣ ፊታቸው ላይ የምታዩት መሰላቸት አንዳንዴ ትወና አይደለም። ደጋግመው ገዳይ ሆነው ከመጡት ውስጥ ጃክ ካሲዲ፣ ሮበርት ከልፕ እና ፓትሪክ ማክጉሃን አሉ፣ ማክጉሃን እንደውም በዚህ ሁለት ኤሚ ወስዷል።

ካፖርቱ የራሱ ነው። ኒውዮርክ 57ኛ ጎዳና ላይ ዝናብ ሲመታው ገብቶ የገዛው ነው፣ የስቱዲዮው ሰዎች የመረጡለትን ልብስ ትቶ ይሄን ከቤት አመጣ። መኪናዋንም ራሱ ነው የመረጣት፣ የዩኒቨርሳል ጋራዥ ውስጥ ብዙ መኪና ሲያሳዩት አንዷ ጥግ ላይ አፍንጫዋ ብቻ የሚታይ አሮጌ ፔጆ 403 አይቶ ይቺን አለ። ውሻውን ግን መጀመሪያ አልፈለገም፣ ካፖርት አለ፣ መኪና አለ፣ ውሻ ደግሞ ምን ያረጋል ብሎ፣ ከዛ አምጥተው ሲያሳዩት ያረጀ፣ ለሀጩ የሚንጠባጠብ፣ መንቀሳቀስ የማይወድ ባሴት ሃውንድ ሆኖ አገኘውና ተስማማ። የኮሎምቦ የመጀመሪያ ስም ድራማው ውስጥ አይጠራም። ፍሬድ ዎርዝ የሚባል የትሪቪያ (የጥቃቅን እውቀቶች) መፅሀፍ ደራሲ ማን እንደሚሰርቀው ለማወቅ ሆን ብሎ "ፊሊፕ" ነው ብሎ የውሸት ስም ፃፈ፣ "ትሪቪያል ፐርሱት" የሚባለው ጌም ፊሊፕን መልስ አርጎ ይዞ ወጣ፣ ዎርዝ በ1984 ከሰሰ፣ ተሸነፈ።

ኮሎምቦ በየሳምንቱ አይወጣም ነበር፣ "ማክላውድ" እና "ማክሚላን" ከሚባሉ ሌሎች የወንጀል ሲሪየሶች ጋር እየተፈራረቀ ነው የሚታየው፣ እያንዳንዱ ኤፒሶድ ደግሞ የአንድ ፊልም ርዝመት አለው። እስከ 1978 ኤንቢሲ ላይ ሄደ፣ በ1989 ኤቢሲ ላይ ተመልሶ እስከ 2003 እየቆየ እየቆየ ወጣ፣ ሁሉም ተደምሮ 69። ከአምስቱ ኤሚዎቹ አራቱ የመጡት ከዚህ ነው። ለኔ የ70ዎቹን የሚያህል የለም፣ የኋለኞቹ ላይ ኮሎምቦ ራሱን መኮረጅ ይጀምራል።

ብዙ ሰው የማያገናኘው ግን የኮሎምቦ ገንዘብ የት እንደሄደ ነው። ፎልክ ከዳይሬክተሩና አክተሩ ጆን ካሳቬቴስ ጋር ጓደኛ ነበር፣ ከሱ እና ከቤን ጋዛራ ጋር በ1970 የወጣውን "ሃዝባንድስ" ሰርቷል፣ ቀረፃው ላይ ካሳቬቴስ ምን እንደሚፈልግ ግራ እየገባው። በኋላ ካሳቬቴስ "ኤ ውማን አንደር ዘ ኢንፍሉወንስ"ን ሊሰራ ሲነሳ ገንዘብ የሚሰጠው ስቱዲዮ አልተገኘም፣ ካሳቬቴስ ቤቱን አስያዘ፣ ፎልክ ከኪሱ 500,000 ዶላር አወጣ። ፊልሙ በ1974 ወጣ፣ ሚስቲቱን የሰራችው ጂና ሮውላንድስ እና ካሳቬቴስ ሁለቱም ለኦስካር ታጩ። ፎልክ እዚህ ላይ ኒክ የሚባል የግንባታ ሰራተኛ ነው፣ ሚስቱ አእምሮዋ እየተረበሸ ያለ፣ የሚወዳት ግን ምን እንደሚያረጋት የማያውቅ ባል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሰራ አድሮ ጠዋት የስራ ጓደኞቹን ቤት ይዞ ይመጣል፣ ሚስቱ ፓስታ ቀቅላ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ታበላለች፣ ሁሉም ይስቃል፣ ከዛ እሷ ከአንዱ ጋር ካልደነስኩ ብላ ስታበዛ ኒክ በሰው ፊት ይጮህባታል፣ ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተራ በተራ ይወጣሉ። ኮሎምቦን ብቻ ያየ ሰው ይቺን ቢያይ ያው ሰውዬ ነው ብሎ ማመን ይከብደዋል። ውለታው ደግሞ በሌላ በኩልም ይሰራል፣ ካሳቬቴስ በ1972 ኮሎምቦ ላይ ገዳይ የሙዚቃ መሪ ሆኖ መጥቷል፣ ሮውላንድስም በ1975 ሌላ ኤፒሶድ ላይ ሰርታለች። ሁለቱ ጓደኛሞች በኢሌን ሜይ "ማይኪ ኤንድ ኒኪ" ላይም አብረው አሉ፣ ከዚህ ሁሉ ጨለማው እሱ ነው።

ከዛ በኋላ "ዘ ኢን ሎውስ" አለ፣ በ1979፣ ከአላን አርኪን ጋር፣ ኮሜዲ ከወደዳችሁ ከዚህ ጀምሩ። 1987 ላይ ሁለት ነገር ተገጣጠመ፣ "ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ" ላይ ለታመመ የልጅ ልጁ ተረት የሚያነብ አያት ሆነ፣ ቪም ቬንደርስ በርሊን ላይ በሰራው "ዊንግስ ኦፍ ዲዛየር" ደግሞ ራሱን ፒተር ፎልክን ሆነ፣ ግን ድሮ መልአክ የነበረ። መንገድ ዳር ያለ ቡና መሸጫ ጋ ቆሞ የማይታየውን መልአክ አላይህም ግን እዚህ እንዳለህ አውቃለሁ ይለዋል፣ ስለ ቡናና ሲጋራ፣ ሲበርድ እጅን ማሸት ደስ እንደሚል ያወራለትና እጁን ለሰላምታ አየር ላይ ይዘረጋል። ፊልሙ ላይ ሲስል የሚታየውም ውሸት አይደለም፣ በከሰል የሰው ምስል መሳል እድሜ ልኩን የያዘው ስራ ነው።

ሁለት ጊዜ አግብቷል፣ ከመጀመሪያ ሚስቱ ጋር ሁለት ሴት ልጆች በጉዲፈቻ አሳደገ፣ በ1977 ያገባት ሁለተኛዋ ተዋናይቷ ሼራ ዳኒስ ናት፣ እሷም በተለያዩ የኮሎምቦ ኤፒሶዶች ላይ ሰርታለች። በ2006 ትዝታውን የፃፈበት መፅሀፍ ወጣ፣ ርዕሱ ያው የኮሎምቦ አባባል ነው። አንድ የመጨረሻ ኮሎምቦ ሊሰራ ፈልጎ ነበር፣ ኤቢሲ አልተቀበለውም። ከዛ የመርሳት በሽታው እየጠና መጣ፣ በ2009 ማን ይንከባከበው የሚለው በቤተሰቡ መሀል ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ዳኛው ለሚስቱ ወሰነ። ጁን 23፣ 2011 ቤቨርሊ ሂልስ ቤቱ ውስጥ በ83 ዓመቱ አረፈ። የቤተሰቡ ክርክር ግን ከሱ በኋላም ህግ ሆኖ ቀጠለ፣ በስሙ የሚጠራው "የፒተር ፎልክ ህግ" ልጆች በሞግዚት ስር ያለ የታመመ ወላጃቸውን የመጠየቅ መብት እንዲኖራቸው የሚያረግ ነው፣ ኒውዮርክን ጨምሮ የተለያዩ ስቴቶች አፅድቀውታል። ሃንጋሪ ውስጥ ደግሞ፣ ዘመድነቱ ባይረጋገጥም፣ ቡዳፔስት ላይ ሚክሻ ፎልክ በሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፖለቲከኛ በተሰየመ መንገድ በ2014 የኮሎምቦ ሀውልት ቆሞለታል፣ ካፖርቱም ውሻውም አብረውት።