ከስንጥር፣ ከሽቦና ከጭቃ፦ በትንንሽ ቅርጾች ንድፍን መማር

የንድፍ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በወረቀትና በእርሳስ ነው። ሌላው መንገድ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ቅርጽ እየሠሩ፣ እያፈረሱና እንደገና እየሠሩ ሚዛንን፣ ምጣኔንና ባዶ ቦታን በእጅ ማወቅ ነው። ርካሽ ዕቃ የሚመረጠው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። ነሐስ የያዘ ተማሪ ማበላሸትን ይፈራል፤ ካርቶን የያዘ ግን አሥር ጊዜ ይቆርጣል፣ በአሥረኛው ይገባዋል።

ዘዴው የቆየ ነው። ጀርመናዊው የሕፃናት አስተማሪ ፍሪድሪሽ ፍሮብል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕፃናት የተነከረ አተርን በስንጥር እያያያዙ ቅርጽ እንዲሠሩ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1919 በጀርመኗ ከተማ ቫይማር በተቋቋመው የንድፍ ትምህርት ቤት፣ በባውሃውስ ደግሞ ጆሴፍ አልበርስ ተማሪዎቹን ወረቀት በማጠፍና በመቁረጥ ያስተምር ነበር።

ለሐዋሳ ሰው ጉዳዩ ባዕድ አይደለም። ቀርከሃው ከሲዳማ ደጋ ይወርዳል፤ እንሰት ተፍቆ የሚቀረው ቃጫ ከየትኛውም ሲባጎ አያንስም። የጭቃ በሬ የሠራ ልጅ ሁሉ ስለ ሚዛን የሚያውቀው አለ፦ ቀንዱን አርዝሞ ራሱን ሲያከብደው በሬው በአፍጢሙ ይደፋል፤ የፊት እግሮቹን ትንሽ ወደ ፊት ሲያስኬዳቸው ይቆማል። ለዚህ ልጅ የክብደት ማዕከል ምን እንደሆነ በኋላ የሚነግረው መምህር የሚጨምርለት ስሙን ብቻ ነው።

የጥንካሬን ነገር የሚያሳየው ስንጥር ነው። አራት እኩል የቀርከሃ ስንጥሮች ጫፍ ለጫፍ በቃጫ ይታሰሩና አራት ማዕዘን ይሁኑ። አንዱን ጥግ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ይንጋደዳል፤ ቋጠሮውን ማጥበቅ ብዙም አይረዳም። ከጥግ ወደ ጥግ አምስተኛ ስንጥር ሲታሰርበት ግን እምቢ ይላል፤ አራት ማዕዘኑ ለሁለት ተከፍሎ ጥንድ ሦስት ማዕዘን ሆኗልና። በከተማው ግንባታዎች ላይ በባሕር ዛፍ መወጣጫ በሰያፍ የሚመታው እንጨት ሥራውም ይኸው ነው። ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ያንን እንጨት ማሳየት ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

በክር በተንጠለጠለ ዘንግ ግራና ቀኝ ክብደታቸው የተለያየ ሁለት ፍንካቾች ሲሰቀሉ ደግሞ ከባዱ ወደ ክሩ ይቀርባል፣ ቀላሉ ይርቃል፤ በእጥፍ የሚከብደው በግማሽ ርቀት ይቀመጣል። ሁለቱ ጎኖች ሳይመሳሰሉ ዘንጉ ይረጋል። ሚዛንን ከመመሳሰል ጋር የሚያምታታ ጀማሪ ብዙ ስለሆነ፣ ይህን ልምምድ ከሁሉ አስቀድማለሁ።

ለባዶ ቦታ የሚመቸው ሽቦ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አጠገብ በቀጫጭን ረጃጅም እግሮች የሚቆመውን ግዙፍ አሞራ በአንድ ክንድ ሽቦ መሥራት ይቻላል። ጀማሪ ሆዱን ለመሙላት ሽቦውን ይጠመጥማል፤ ያን ጊዜ ክብደቱ እግሮቹን ያጎብጣቸዋል፣ አሞራውም ጥቅል ሽቦ ብቻ ይመስላል። ጥምጥሙ ተፈትቶ ሽቦው በጀርባና በደረት ዳር ብቻ ሲያልፍ እግሮቹ ይቃናሉ፤ ባዶው መሐል ሆድ ሆኖ ይታያል።