አድቫንስ ዳይሬክቲቭ ምንድን ነው?

በአሜሪካ አንድ ጎልማሳ ሆስፒታል ሲተኛ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ «አድቫንስ ዳይሬክቲቭ አለዎት ወይ?» የሚለው ነው። ብዙዎቻችን ከኢንሹራንስ ወረቀቶች እንደ አንዱ ቆጥረነው «የለኝም» ብለን እናልፈዋለን። ቃሉ የሚያመለክተው ግን አንድ ሰው አእምሮው ንቁ ሆኖ ሳለ፣ ወደፊት ስለ ራሱ መናገር ቢያቅተው የትኛውን ሕክምና እንደሚቀበልና የትኛውን እንደማይፈልግ፣ በእሱ ፈንታ ከሐኪሞች ጋር ተነጋግሮ የሚወስነውም ማን እንደሆነ አስቀድሞ የሚያስታውቅበትን ሕጋዊ ሰነድ ነው። በአማርኛ «የቅድሚያ የሕክምና ፈቃድ ሰነድ» ብንለው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም።

ሰነዱ ከኑዛዜም ከውክልናም ጋር ይምታታል። ኑዛዜ የሚጸናው ሰውየው ካረፈ በኋላ ነው፤ ይበልጡንም የሚመለከተው ንብረቱን ነው። ይህኛው ግን ሰውየው በሕይወት ሳለ ስለ ገዛ አካሉ የሚናገር ነው። ከውክልና ጋር ያለው ልዩነት ረቀቅ ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ወካዩ ችሎታውን፣ ማለትም በራሱ የመወሰን ሕጋዊ አቅሙን፣ ሲያጣ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ይቀራል ይላል፤ አድቫንስ ዳይሬክቲቭ ደግሞ በተለይ የሚፈለገው ሰውየው ችሎታውን ባጣበት በዚያው ሰዓት ነው። በዚህ ሰነድ የተሰየመ ወኪል ግን ባንክ ሄዶ ገንዘብ ማውጣትም ሆነ ቤት መሸጥ አይችልም፤ ለዚያ ራሱን የቻለ የገንዘብ ውክልና ያስፈልጋል። እስቴት ፕላኒንግ የሚባለው ዝግጅት ሦስቱንም፣ ማለትም ኑዛዜውን፣ የገንዘብ ውክልናውንና ይህን ሰነድ፣ በአንድነት የሚያቅፍ ነው።

ጥያቄው በየሆስፒታሉ መጠየቅ የጀመረው ከአንዲት ወጣት መከራ በኋላ ነው። ናንሲ ክሩዛን የተባለች የሚዙሪ ግዛት ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ1983 በመኪና አደጋ ራሷን ሳተች፤ ከዚያም ሳትነቃ በቱቦ እየተመገበች ለዓመታት ተኛች። ወላጆቿ ልጃችን እንዲህ መኖር አትፈልግም ነበርና ቱቦው ይነሣላት ብለው ቢለምኑ ግዛቲቱ እምቢ አለች፤ ጉዳዩም እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1990፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ግዛቲቱ የሕመምተኛዋን ፈቃድ የሚያሳይ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ የመጠየቅ መብት አላት ሲል ወሰነ። ናንሲ ለጓደኛዋ በጨዋታ መሀል የተናገረችው ነገር ነበር፤ የተጻፈ ግን አልነበረም። ኋላ ተጨማሪ ምስክሮች ተገኝተው ቱቦው ተነሣ፤ እሷም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ አረፈች። በዚያው ዓመት የወጣውና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1991 ጀምሮ የሚሠራበት የፌዴራል ሕግ፣ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ከተባሉት የመንግሥት የጤና መድኖች ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ለሕመምተኛው መብቱን በጽሑፍ እንዲያስታውቁና ሰነዱ እንዳለው ጠይቀው በመዝገቡ ላይ እንዲያሰፍሩ ያስገድዳል። ሰነዱ የለህም ብሎ ሕክምና መከልከል ክልክል ነው።

ሰነዱ በተለምዶ ሁለት ክፍል አለው። በአንደኛው ክፍል ሰውየው ስለ መተንፈሻ ማሽን፣ በቱቦ ስለ መመገብ፣ ልብ ሲቆም ደረትን እየተጫኑ ስለ ማስነሣት ምርጫውን ይጽፋል፤ በሁለተኛው ወኪሉን ይሰይማል። በእኔ እምነት ትልቁ ነገር ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ሕመም ቅጹ ላይ በተዘረዘረው መንገድ ብቻ አይመጣም፣ ያልታሰበ ነገር ሲያጋጥም ከሐኪሙ ፊት ቆሞ «እሷ ብትሆን ይህን ትል ነበር» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ሕጉ እንደየግዛቱ ይለያያልና ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩበትን ሜሪላንድን እንውሰድ። በሜሪላንድ ሰነዱ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይፈረማል፤ ወኪል ሆኖ የተሰየመው ሰው ምስክር መሆን አይችልም፣ ከሁለቱ ምስክሮች ቢያንስ አንዱም ከሰውየው ሞት ውርስ ወይም ሌላ የገንዘብ ጥቅም የማያገኝ መሆን አለበት። ኖተሪም (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሹም) ጠበቃም የግድ አይደለም። የታመመ ሰው በሐኪሙና በአንድ ምስክር ፊት በቃሉ ተናግሮ በሕክምና መዝገቡ ላይ ቢጻፍለትም ይጸናል፤ ይህም በሁለት ምስክሮች ፊት የሚደረገውን የአገራችንን የቃል ኑዛዜ ያስታውሰኛል። ሰውየው ሐሳቡን ከለወጠ በማንኛውም ጊዜ ሊሽረው ይችላል።

ሰነድ ከሌለ ሕጉ ራሱ ወኪል ይፈልጋል፤ በፍርድ ቤት ስለ ታማሚው የሚወስን አሳዳጊ ካልተሾመ በቀር ቅድሚያው የትዳር ጓደኛ ነው፣ ከዚያ አካለ መጠን የደረሱ ልጆች፣ ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች ይከተላሉ። የእኛ ቤተሰብ አኗኗር ግን ለዚህ ተራ አይመችም። ባል አዲስ አበባ ቪዛ ይጠብቃል፣ አንዱ ልጅ ዱባይ ነው፣ ለዓመታት አብራ የኖረችውና የሕመሙን ነገር ጠንቅቃ የምታውቀው የአክስት ልጅ ደግሞ ከተራው መጨረሻ ትገኛለች። እኩል መብት ያላቸው ልጆች ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ሆስፒታሉ አማካሪ ኮሚቴ ይሄዳል፤ በዚያ ሰዓት በኮሪደር ላይ የሚፈጠረው ቅያሜ ከለቅሶው በኋላም የሚሽር አይደለም።

ሌላው እንቅፋት ልማዳችን ነው። ክፉ ዜና ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አይነገርም፣ ስለ ሞት አስቀድሞ ማውራትም ሟርት ነው። በአሜሪካ ሐኪሙ በቀጥታ ለታማሚው ይናገራል፤ ሆኖም «ዝርዝሩን ለልጄ ንገሯት፣ እኔ መስማት አልፈልግም» ማለት የታማሚው መብት ነውና ይህንንም በሰነዱ ላይ ማስፈር ይቻላል። ለዚህ ዓይነቱ ንግግር ትንሽ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ጭካኔ ነው፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

የአክስቴን ቅጽ የሞላነው በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤቷ ቡና ተፈልቶ ነው። በአቦሉ «ምነው ልጄ፣ ሳልሞት ልትቀብሩኝ ነው?» ብላ ወረቀቱን ገፋችው። በቶናው ዝም አለች። በረካው ሲቀዳ ግን «ማሽን ላይ ብተኛ፣ በቃት የሚለው ማነው?» ብላ ራሷ ጠየቀች። ሁላችንም ታላቁ ልጇን ትሰይማለች ብለን ነበር፤ እሷ ግን ትንሿን ሴት ልጇን መረጠች። «እሱ አንጀቱ አይችልም፤ ያለቅሳል እንጂ አይወስንም» አለች። በባዶው መስመር ላይ «ነፍሴ ሳትወጣ ካህን ይጠራልኝ» የሚል ቃል በእጇ ጻፈች፤ ሬሳዋ አገር ቤት ይሂድ ወይስ እዚሁ ይረፍ የሚለውን ግን «አስቤ እነግራችኋለሁ» ብላ ክፍት ተወችው። ሁለት ጎረቤቶቿ ተጠርተው በምስክርነት ፈረሙ።

ባንክ ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ሰነድ እኩለ ሌሊት ላይ ለማንም አይደርስምና ቅጂው ለሐኪሟና ለወኪሏ ተሰጠ፣ ፎቶውም በልጇ ስልክ ገባ። ታላቁ ልጇ ዘንድም አንድ ቅጂ አለ፤ ለምን እሱን እንዳልመረጠች ነግራው በገዛ እጇ የሰጠችው ነው።