ቤንዚንና ዘመዶቹ፦ ስለ አሮማቲክ ውህዶች አጠቃላይ ዳሰሳ

አዳማ ማደያ ላይ «ቤንዚን» ሲባል የሚቀዳው ነዳጅ የብዙ ውህዶች ድብልቅ ነው። የኬሚስቶቹ ቤንዚን ግን 6 ካርቦንና 6 ሃይድሮጅን ያለው አንድ ሞለኪዩል ነው። ነዳጁ ውስጥም በትንሹ ስለሚገኝ፣ ከጅቡቲ መጥተው ከተማችንን የሚያቋርጡት የቤንዚን ቦቴዎች ሁለቱንም ጭነዋል ማለት ይቻላል። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያላት አዳማችን ደግሞ በአማርኛ አንድ ደህና ማጣቀሻ አታጣም ብዬ ይህን አሰባሰብኩ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤንዚንን መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ማይክል ፋራዳይ ነው፤ በ1825፣ ለንደን ውስጥ፣ ለመብራት የሚያገለግል ጋዝ ሲታመቅ ከሚተርፈው ፈሳሽ። ቀመሩ ከታወቀ በኋላም ቅርጹ ብዙ ዓመት አስቸግሯል። እያንዳንዱ ካርቦን አራት ትስስር ይፈልጋል፤ ታዲያ ለ6 ካርቦን 6 ሃይድሮጅን ብቻ እንዴት ይበቃዋል? ጀርመናዊው ኬሚስት ኦገስት ኬኩሌ በ1865 «ካርቦኖቹ ቀለበት ሠርተው ነው» አለ። ጅራቱን የነከሰ እባብ በህልሙ ማየቱን የተናገረው ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1890 በተደረገለት በዓል ላይ ነው። ህልሙን የሚጠራጠሩ አሉ። ዮሐን ሎሽሚት በ1861 ቤንዚንን በክብ ስሎት ነበርና ቀዳሚው እሱ ነው የሚሉም አሉ። ክቡ ቀለበት ለማለት ይሁን ላልታወቀ ቅርጽ ምልክት ግን ያከራክራል። እኔ ለኬኩሌ አደላለሁ።

ኬኩሌም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልመታውም። እሱ እንዳሰበው በካርቦኖቹ መካከል ነጠላና ድርብ ትስስር እየተፈራረቁ ቢሆን ኖሮ ርዝመታቸው ይለያይ ነበር፤ ነጠላው 154፣ ድርቡ 134 ፒኮሜትር (የሜትር ትሪሊዮንኛ) ገደማ። ሲለካ ግን ስድስቱም እኩል ናቸው፤ 139 ገደማ። ምክንያቱም እያንዳንዱ ካርቦን አንድ ኤሌክትሮን ያዋጣል። መዋጮው እንደ ዕቁብ ተራ እየጠበቀ ለአንዱ አይደርስም፤ እንደ ዕድር የሁሉም ነው። ይህ ኅብረት ሞለኪዩሉን በሞል 150 ኪሎጁል ገደማ ያረጋጋዋል። ጀርመናዊው ኤሪክ ሁከል በ1931 ነገሩን በኤሌክትሮን ቁጥር ሕግ አሰረው፤ መዋጮው እንደ ቤንዚን 6 ወይም 2፣ 10 ሲሆን ቀለበቱ ይረጋጋል።

ጸባዩም ከዚህ ይመጣል። ሳይክሎሄክሲን (አንድ ድርብ ትስስር ብቻ ያለው የ6 ካርቦን ቀለበት) ላይ ብሮሚን ብትጨምሩ ቀለሙ ወዲያው ይጠፋል። ቤንዚን ላይ ዝም ነው። እንደ ፌሪክ ብሮማይድ ያለ አጋዥ ሲገባ ብቻ አንድ ሃይድሮጅን ለቅቆ ብሮሚን ይተካል፤ ዕድሩ አይፈርስም። በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ ቅልቅል የናይትሮ ቡድን (አንድ ናይትሮጅን ከ2 ኦክስጅን ጋር) ማስገባትም በዚሁ መንገድ ነው። ቀድሞ የገባው እንግዳ ደግሞ ለሚቀጥለው ወንበር ይመርጣል፦ ሜቲል (አንድ ካርቦን ከ3 ሃይድሮጅን ጋር) ከራሱ ቦታ ሲቆጠር በብዛት ወደ 2ኛና 4ኛ፣ ናይትሮ ወደ 3ኛ ይመራል።

እንዲህ ዓይነት ቀለበት ያላቸው ውህዶች የሚጠሩበት «አሮማቲክ» የሚለው ስም ከሽታ የመጣ ቢሆንም አሁን ሽታ አይጠየቅም። ከገበያ የምንገዛው ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ጦስኝ መዓዛቸው በአብዛኛው ከዚህ ቀለበት ነው። የዕጣን ሽታ ግን በብዛት ከሌላ ቤተሰብ ነው። ቤንዚን ራሱን ማሽተት ደግሞ ክልክል ነው፤ የደም ካንሰር ያመጣል። ላብራቶሪዎች በሚቻልበት ሁሉ በቶሉዊን (ሜቲል የገባበት ቤንዚን) የሚተኩት ለዚህ ነው።